ቆቡ ሳይደፋ

ወይ ተሻለች! እሷን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ሐይቅ ማሻገር ንብ በጆንያ ከመቋጠር አይተናነስም። ባለ ጀልባው ቱሳ ግን ይህን በምን ይወቀው? ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ተሻለች ደግሞ የአሰላ ሴት ናት፤ አይተዋወቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ልጇን ኩፍኝ ወሰደባት፤ የሦስት ዓመት ልጅ፣ አንድ ለእናቱ። በአርባው ማግስት ባሏ ሀብተ ማርያም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ "ሐይቁ ደሴት ላይ ካለው ገዳም ሱባኤ ልግባ" ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። የካቲት ላይ ከዲሮ የሚባል የኦጎልቾ እህል ነጋዴ ወሬ ይዞላት መጣ፦ ሀብተ ማርያም እሑድ ቆብ ሊደፋ ነው። መነኮሰ ማለት ደግሞ አለቀ፤ ባል የለም።

"እኔንስ ለማን ትቶኝ?" ብላ ጮኸች። ጎረቤቶቿ ተይ ቢሏት ማን ሰምቷቸው! እስከ ኦጎልቾ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ገሰገሰች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከስንዴ ጆንያ የተሰፋ ሸራ ባላት የቱሳ ጀልባ ተሳፈረች።

ነፋስ ግን የለም። ሸራው ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል።

"ቅዘፍ እንጂ!"

"እየቀዘፍኩ ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ይሄ ነው መቅዘፍ? ሐይቁን እያማሰልክ ነው!" ብላ ብድግ ስትል ጀልባዋ ተንገዳገደች።

"ኧረ በማርያም ይቀመጡ! ጉማሬ አለ!"

"ጉማሬም ቢሆን ካንተ ይፈጥናል" አለችና ተቀመጠች። ወዲያው ደግሞ ተነሳች።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ መጣ፣ ሸራው ተወጠረ፣ ጀልባዋ ሮጠች። ተሻለች ግን ከቤቷ ስትወጣ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፍቶባት፣ ደርሼ ምን እለዋለሁ እያለች ጣቷን ነከሰች።

ደሴቱ ጭጭ ብሏል። ጭጭታው አናደዳት። አቀበቱን እያለከለከች ስትወጣ፣ አበምኔቱ አባ ወልደጻድቅ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሀብተ ማርያም ከአጠገባቸው። ፊቱ ጠርቷል፣ ወፈርም ብሏል። ያንን ፊት ስታይ ቀናችበት።

"እንኳን መጣሽ፣ ልጄ" አሉ አባ። "ስንጠብቅሽ ነበር። ያገባ ሰው ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይመነኩስም። ቃልሽን ሳንሰማ ቆቡን አንደፋለትም።"

ተሻለች ክው አለች። ለካ ቤቷ ብትቀመጥም ቆቡ አይደፋም ኖሯል! ሀብተ ማርያም ሚስትህን አስጠራ ቢባልም መልእክት ሊልክባት ድፍረት አጥቶ ኖሮ፣ አሁንም ቀና ብሎ አላያትም።

"እሺ በዪኝ፣ ተሼ" አለ። "እዚያ ቤት የልጁ ድምፅ ይሰማኛል። እንቅልፍ ያገኘሁት እዚህ ነው።"

እኔስ አይሰማኝም? ልትል ፈለገች። ግን ትወደዋለች፤ ዕረፍት ማግኘቱንም በዓይኗ አየች። እሺ ልትል ምንም አልቀራትም።

"እሺ ካልኩስ፣ አባ? ነገ ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ነገማ ፍትሐት እንደግምለታለን። ለዓለም የሞተ ነውና እንደ ማንኛውም ሙት ይፈታል።"

ፍትሐት ሲሉ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ልጄን ከእሱ ጋር ሆኜ ቀበርኩት፣ አባ። እሱንስ ከማን ጋር ሆኜ ልቅበረው?"

ሀብተ ማርያም ከተቀመጠበት ተነሳ። "አሰግድን..." አለ፤ ከቀብሩ ወዲህ የልጁን ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ትከሻዋ ላይ ወድቆ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ እሷም አብራው። ከዚያ ወዲያ እሺ በዪኝ አላላትም።