ቴፕ የተገጠመላት ጀልባ

ጁማ ቅናት የሚባል ነገር አላውቅም ይል ነበር። ሙስዓብ ጀልባው ላይ ቴፕ እስኪገጥም ድረስ እውነቱን ነበር።

ሐይቅ ከተማ ለመዝናናት የሚመጣውን እንግዳ ውሃው ላይ የሚያንሸራሽሩት ሁለቱ ናቸው፤ ጁማ በመቅዘፊያ፣ ሙስዓብ በሞተር። ሞተሩን እንኳ ጁማ ችሎት ነበር፤ ዋሲላ አለችዋ! ዳር ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠው ዋሲላ አርብ አርብ ሥራዋን ስትጨርስ በእሱ ጀልባ ነበር የምትናፈሰው። ሽማግሌ ሊልክባት አስቦ ዛሬ ነገ ሲል ከርሟል።

ሙስዓብ ከውጫሌ ያመጣውን ቴፕ ከነትልቅ እስፒከሩ ጀልባው ላይ አስሮ ዘፈን ሲለቅ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ። ይጉረፍ! ግን ዋሲላም «ዛሬስ በዘፈን ልንሸራሸር» ብላ እየሳቀች ተሳፈረችበት። 

በማግስቱ ሙስዓብ ራሱ መጣ። ባጃጅ መንዳት ትቶ ወደ ውሃ ከገባ ገና ነው።

«ጁማ ወንድሜ፣ አንተ ሬዲዮ ስትጠግን ነው ያደግከው። ሞተሩንም ቴፑንም ባንድ ባትሪ ነው የማሠራው። ለቴፑ ለብቻው ሌላ ያዝለት ይሉኛል። ወላሂ ግራ ገባኝ፤ ምን ትላለህ?»

ጁማ ጠንቅቆ ያውቃል። ሞተር ጠፍቶ ቴፕ ሲዘፍን ባትሪው ይደክማል፤ የሙስዓብ ሞተር ደግሞ የማስነሻ ገመዱ ስለተበጠሰ ያለ ባትሪ አይነሳም። ባጃጅ ቢሆን ጎረምሶች ገፍተው ያስነሱለታል። ውሃ መሀል ማን ይገፋል?

«አብሽር፣ አንዱ ይበቃሃል» አለው፣ ዓይኑን ከሚጠግነው መረብ ሳያነሳ።

ሙስዓብ መርቆት ሄደ። ምርቃቱ ጁማን ቆጠቆጠው፤ ግን ትንሽ ብቻ።

አርብ ዋሲላ ከጓደኞቿ ጋር ሙስዓብ ጀልባ ላይ ተሳፈረች። መሀል ሲደርሱ ሙስዓብ ዘፈኑ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ሞተሩን አጠፋ። ጁማ ዳር ቆሞ ጠበቀ። ዘፈኑ ቆይቶ እየሰለለ ሄደና ጭጭ አለ። ሞተሩም እምቢ አለ። ሙስዓብ ጃኬቱን አውልቆ ያውለበልብ ጀመር።

ጁማ በዕድሜው እንደዚያ ቀዝፎ አያውቅም። የሚላትንም እያሰናዳ ነበር የሚቀዝፈው፤ «ነይ ወደኔ ተሻገሪ፣ የሱ ጩኸት ቤትሽ አያደርስሽም» ሊላት።

ሲቃረብ ዜማ ሰማ። ቴፑ ተነሳ እንዴ ብሎ ክው አለ። ቴፑ አይደለም። ዋሲላ ናት፤ በአምባሰል ታንጎራጉራለች፣ ጓደኞቿ ይቀበሏታል፣ ሙስዓብ የሞተ ባትሪውን አቅፎ አፉን ከፍቶ ያዳምጣታል። ያን ሁሉ አርብ ከጁማ ጋር ስትንሸራሸር አንድ ቀን ድምፅዋን አውጥታለት አታውቅም። እሱም ዝፈኚልኝ ብሏት አያውቅም።

«ዋሲላ፣ ነይ ተሻገሪ» ብቻ አላት፤ ያሰናዳው ሁሉ ጠፍቶበት።

«ኧረ ጁማ፣ እዚሁ ይመቸኛል። ገመዱን እሰርና ጎትተን። ግን ቀስ እያልክ፤ መቅዘፊያህ ሲንቦጫረቅ ዜማው ይጠፋብኛል።»

አሰረላቸው። ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት፣ ፊቱን ለሚጎትተው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ጁማም እስከ ዳር ድረስ ዋሲላ ለሙስዓብ ስትዘፍን ፊት ለፊት እያየ፣ መቅዘፊያው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ ጎተታቸው።