የማናልበሽ ደመወዝ

ደሞዝ አይባልም እህት፣ በጽሑፍ ሲሆን ደመወዝ ነው፣ ይላታል የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ገዛኸኝ የቅጥር ቅጹን በእስክሪብቶ እየነካ፣ ደምና ወዝ ማለት ነው፣ እዚህ ጋ የቀድሞ ደመወዝ የሚለውን ሙይ። ማናልበሽ እስክሪብቶውን ትቀበላለች፣ አትጽፍም። የቀድሞ። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ እዚሁ ሮቤ፣ እትዬ እታፈራሁ ቤት፣ አሥራ አራት ዓመት ማጠብ፣ ማብሰል፣ ባለቤታቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ማገላበጥ፣ ለፋሲካ ቀሚስ፣ ለእንቁጣጣሽ ጫማ፣ ልጃችን ናት ይላሉ እንግዳ ሲመጣ፣ ልጃችን የተባለችው ግን ጓዳ ነው የምትበላው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እትዬ ደሞዜን ብላ ጀምራ፣ ልጅ ከናቷ ደሞዝ ትጠይቃለች? አሏት፣ አፈረች። አሁንም ታፍራለች፣ ምን አጥፍታ?

ሚንዳን ኬ ሜቃ ቱሬ? ትላታለች ሀዋኒ፣ አብራት ለጽዳት የተቀጠረችው፣ ስንት ይከፍሉሽ ነበር ማለቷ ነው። ሆማ፣ ትላለች ማናልበሽ። ምንም። ሀዋኒ ትስቃለች፣ የማናልበሽን ፊት ስታይ ሳቋን ትውጣለች። ታዲያ ዜሮ በይው፣ ይላል ገዛኸኝ። ዜሮማ አትልም፣ ሠርታለች፣ ቦታውን ክፍት ትታ ትፈርማለች።

ስትወጣ በሩ ላይ ባጃጅ ቆሟል፣ ውስጡ እትዬ እታፈራሁ። ከቤታቸው ከወጣች ሦስት ወሯ ነው፣ በሦስት ወር እንዲህ ያረጃል? ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ ልጄ፣ ነይ ግቢ ቤትሽ። ቤትሽ! የጋሪ ፈረስ ጭቃውን እየረጨ ያልፋል፣ እሷ የባጃጁን ብረት ይዛለች፣ ታይፎይድ የያዛት ጊዜ ግንባሯን በጨርቅ ሲያረጥቡ ያደሩት እኚሁ ናቸው፣ ይሄም እውነት ነው፣ ያም እውነት ነው።

እሑድ እሑድ እመጣለሁ እትዬ፣ አጥቤ አብስዬልዎት እመለሳለሁ። በደሞዝ።

ባለባጃጁ በመስታወቱ ያያታል። ስንት ነው የምትፈልጊው? ይሏታል እትዬ፣ መሬት መሬት እያዩ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ነው፣ በቀን ሦስት መቶ፣ ትላለች፣ የባጃጁን ብረት ጠበቅ አድርጋ ይዛ።

ይሁን፣ ማናልበሽ።

ልጄ አላሉም፣ ሰምታለች። ባጃጁ ወደ ጎባ መንገድ ይታጠፋል፣ ቆማ ታየዋለች፣ አልከፋትም፣ ትንሽ ከፍቷታል፣ ይሁን፣ ልብሱ ብዙ ስለሚሆን እሑድ በጠዋት ነው የምትሄደው።