ለማስ ኢኖስ የተነፋው ዛጎል

ማስ ኢኖስ የሞቱት ማክሰኞ ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ነው። ያም የሚባለውን የሥር ምግባችንን ቀቅዬ ወሰድኩላቸው፤ «ጨው ረስተሃል፣ አንተ ደግሞ አሮጌ!» ብለው ተቆጡኝ፣ ግማሹን በሉ፣ ፒፓቸውን እንደያዙ ወንበራቸው ላይ አንቀላፉ። ሳህኑን አጥቤ ስመለስ አልፈዋል። ዘጠና ስድስት ዓመት ኖሮ እንዲህ መሞት ጸጋ ነው ይላል ሰው። ለሟቹ ይሆናል። ለቀሪው ግን ድካም ነው፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ያ ድካም እስከ ዛሬ ከአጥንቴ አልወጣም።

ልጃቸው ኦርቪል በርሚንግሃም ነው የሚኖረው። አንድ ክፍል ነው የተማርነው። በስልክ ሳረዳው አለቀሰ፤ ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና እንደ ሹም መናገር ጀመረ። ልቡን ስለሚያመው ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎታል፣ ስለዚህ አባቱን የሚቀብረው በስልክ ነው።

«ቲዮ፣ ታች አስፋልቱ ዳር ካለው የሕዝብ መቃብር ቦታ አስይዣለሁ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት የሬሳ መኪናው ያመጣቸዋል። አለቀ።»

«ምኑ ነው ያለቀው? አባትህ ጉብታው ላይ፣ ከእናትህ ከሚስ አዲና ጎን ቅበሩኝ ብለውኛል። ቃል አስገብተውኛል።»

«መኪና እኮ አይወጣም እዚያ! ማን ይቆፍራል? ማን ይሸከማል? አንተ በዚያ ጉልበትህ?»

«ሰው ነዋ! አገሩ ባዶ ነው እንዴ?»

«አዎ ባዶ ነው። እኔ ራሴ አለሁ?»

ብቻ ስንጨቃጨቅ ቆይተን በአንድ ነገር ተስማማን። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት መኪናው አስፋልቱ ማለቂያ ላይ ሲደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ተሸካሚ ቆሞ ከጠበቀ፣ ማስ ኢኖስ ወደ ጉብታው ይወጣሉ። ካልሆነ ሾፌሩ ዞሮ ወደ ታች ይወስዳቸዋል።

ልንገራችሁ፣ «ማስ» የምንለው ታላቅን ስናከብር ነው እንጂ ማስ ኢኖስ መልአክ አልነበሩም። ዶሚኖ ላይ ያጭበረብራሉ፣ ትምባሆ ከኪሳቸው ገዝተው አያውቁም፣ ሰው ሲሰድቡማ አፍ ያስይዛሉ። ግን እኛ መንደር፣ ሲዳር ጋሊ ውስጥ፣ ሰው ሲሞት ወይ ቤት ሲፈርስ፣ ያንን ትልቁን የባህር ዛጎል አንስተው ደጃቸው ላይ ሲነፉት ድፍን መንደር ሥራውን ጥሎ ይመጣ ነበር። አንድ ረጅም፣ ሳይቆረጥ፤ ትንፋሽ ይወስዱና ሌላ ረጅም፤ ከዚያ ሦስተኛ። ያንን የሰማ ሙዙን ከቆረጠበት ትቶ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዶ ይመጣል። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። አውሎ ነፋሱ በመታን ዓመት የሚስ ኢቫድኒ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሳንቃ ቤቱን እንዳለ፣ ሳያፈርሱት፣ አርባ ሰው ተሸክሞ ሜዳው ላይ አሳረፈው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሚስ ኢቫድኒ ከኋላ «ሳህኖቼን! ሳህኖቼን!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለእነዚያ ሰዎች ነው።

ለእኔ ደግሞ ሌላም አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ከወንዙ ማዶ ሞተች። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። ሁሉም «ውሃው ይጉደልና እናመጣታለን» ሲል፣ ማስ ኢኖስ «ይህ ልጅ እናቱን ሳያያት ሊያድር ነው?» ብለው ዛጎላቸውን ነፉ። ወንዶቹ ገመድ ዘርግተው፣ ውሃው ደረታቸው ድረስ እየመታቸው፣ ሣጥኑን ከራሳቸው በላይ ይዘው ተሻገሩ። አንዲት ጠብታ አልነካትም። ይህን ያደረጉልኝን ሰው አስፋልት ዳር ከማያውቁት ሬሳ ጎን ልጣላቸው? ምን ቆርጦኝ!

ከረቡዕ እስከ ዓርብ የሰው በር ሳንኳኳ ሰነበትኩ። ዳገት ወጥቼ፣ ቁልቁለት ወርጄ ጉልበቴ እንደ ዳቦ አበጠ። አንዱ «ማስ ቲዮ፣ ቅዳሜ ፈረቃዬ ነው፣ ሆቴሉ ያባርረኛል» አለኝ። እሺ፣ እውነቱን ነው። የሚስ ኢቫድኒ ልጅ ድዌይን «ውይ ወገቤን! ወገቤን ባያመኝ» አለኝ። ይኸው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲያሯሩጥ የማየው ነው። ሌላው የመቆፈሪያ ማሽን ያለው ሰው ስልክ ልስጥዎት አለኝ።

«ማሽኑ ጉብታው ላይ በምን ይወጣል?»

«እሱንማ አላውቅም።»

ከሁሉ አንጀቴን ያሳረረኝ ግን በትሕትና ቆሞ ከሰማኝ በኋላ «ለመሆኑ ማስ ኢኖስ የትኛው ናቸው?» ያለኝ ነው። እንግዲህ ዓርብ ድረስ ስንት ሰው አገኘሁ መሰላችሁ? አንድ። እሱም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ማስ ኢኖስ ቤት ገብቼ ዛጎሉን ከተሰቀለበት አወረድኩ። በሕይወታቸው ሳሉ ማንንም አያስነኩም ነበር። ደጅ ወጥቼ ነፋሁ። የመጀመሪያው አየር ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ድምፅ አወጣ፣ ግን ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ጡ፣ ጡ፣ ጡ እያለ ይቆራረጣል። ፊቴ እስኪቀላ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ ነፋሁ።

ሰው መጣ። አዎ፣ መጣ! በየበሩ ብቅ ብቅ ሲሉ ሳይ ልቤ ዘለለ። ሰባት ስምንት ይሆናሉ፣ ከፊት የጎረቤቴ ልጅ ሻንዴል ናት፣ የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች። ቀረብ ስትል አየሁት፤ ሁሉም የያዙት የፕላስቲክ ሳፋ ነው።

«ዛሬ ደግሞ በጠዋት!» አለች ሻንዴል። «ምን ምን አለ? ማስ ቲዮ፣ እርስዎም ዓሣ ጀመሩ እንዴ?»

ዛሬ እኛ አገር ዛጎል የሚነፋው ዓሣ ነጋዴው ብቻ ነው። አጭር አጭር አድርጎ ይነፋል፣ ሰው ሳፋውን ይዞ ይወጣል። የእኔ ትንፋሽ ያወጣው ልክ እሱን ነበር።

«ሬሳ ነው የምሸጠው!» አልኳት። «ሬሳ! ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?»

«ኢየሱስ!» ብላ ወደ ኋላ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር አፍራለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ በሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቀብሩን፣ ቃሌን፣ እናቴን፣ ወንዙን፣ ሁሉንም እየቀላቀልኩ አወራሁ። ሻንዴል ሳፋዋን አስቀምጣ ውሃ አመጣችልኝ።

«እኛ በምን እናውቃለን?» አለች ቀስ ብላ። «ዛጎል ለሞት መነፋቱን የነገረን አለ?»

ማን ነገራቸው? ሁላችንም የሚያውቁ መስሎን ዝም አልን።

በዚህ መሃል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማን። ካልቨርት ነው፣ እውነተኛው ዓሣ ነጋዴ፤ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላው ጭኖ ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ።

«ማነው በመንገዴ ላይ ዓሣ የሚሸጠው? አሥራ ሁለት ዓመት ያቀናሁትን መንገድ? ይውጣ!» ሳፋዎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን። «እርስዎ ነዎት? በዚህ ዕድሜዎ?»

ሻንዴል ወደ ጎን ጎትታ ማን እንደሞተ ነገረችው። ካልቨርት የባህር ጠረፍ ልጅ ነው፣ ማስ ኢኖስን የሚያውቃቸው ቀይ ዓሣ በዱቤ እየወሰዱ ሲያስቸግሩት ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

«እንዴት ነበር የሚነፉት?» አለኝ።

«ረጅም ነው። ሳይቆረጥ። ሦስት ጊዜ።»

ዛጎሉን ተቀብሎ ነፋው። ያ ደረት፣ ያ ትንፋሽ! ሦስተኛው ሲያልቅ ጠጉሬ ቆሞ ነበር። ካልቨርት ሞተሩን አስነሳ።

«ዓሣህስ?» አልኩት።

«ዓሣው በረዶ አለው፣ ይጠብቃል» አለና በየኩርባው እየቆመ እየነፋ ወደ ላይኛው መንደር ወጣ።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ማንም የለም። ሳፋ ይዘው የመጡት አንድ በአንድ ተበተኑ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ላይ አንዲት ሴት አየሁ፣ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አለ፣ በምርኩዝ እየተጎተቱ ነው። ሚስ ኢቫድኒ ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው። ድዌይን በክንዳቸው ይዟቸዋል።

«ድምፁን ሲሰሙ ከአልጋ ተነስተው እብስ አሉ» አለኝ ድዌይን ተጨንቆ። «ቢወድቁስ ብዬ ነው እንጂ እኔስ…»

«ማነው የሞተው?» አሉ ሚስ ኢቫድኒ።

«ማስ ኢኖስ ናቸው።»

«ኢኖስ?» ግራ ገብቷቸው ፊቴን አዩት። «ታዲያ ዛጎሉን ማን ነፋው?»

ከእሳቸው ኋላ ሌሎችም መጡ። ዓይኑ የጠፋ፣ ጉልበቱ የከዳው፣ በታክሲ ተጭኖ የመጣ። አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ቆጠርኩ። ጥሪውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፣ ከእነሱ መካከል ደግሞ አካፋ የሚያነሳ አንድ የለም። ግን ማንኛቸውም ብቻቸውን አልመጡም። እያንዳንዱን የያዘ ልጅ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ፣ አማች አለ፤ «ቢወድቁስ» ብሎ የተከተለ ሁሉ። ፈረቃዬ ነው ያለኝ እንኳ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አያቱን ኩትበርትን አዝሎ መጣ።

ሚስ ኢቫድኒ የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጠው ጉብታውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ድዌይን፣ ቆመህ ታየኛለህ? ዶማ አንሳ እንጂ!»

«እማዬ፣ ወገቤ እኮ…»

«ወገብህን የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አንሳ!»

አነሳ። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያይተው አነሱ። ተደግፈው ጉብታው ላይ የወጡት ሽማግሌዎች መጀመሪያ እንደ ልማዳችን መሬቱ ላይ ሩም የሚባለውን አረቄ አፈሰሱ፤ ከዚያ «ራሱ ወደ ምዕራብ ነው!» «አይ፣ አዲና ወዴት ነው የተኛችው?» እያሉ ተጣሉ። ልጆቹ በሁለት ሽማግሌ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ምልክት አደረጉ። ዩኒፎርም የለበሰው መዳፉ ተላጠ። እኔ አፈር በባልዲ አወጣሁ፣ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሻንዴል የዳቦ ፍሬ የምንለውን የዛፍ ፍሬ ጠብሳ አመጣችልን፣ በዚያው በጠዋቱ ሳፋዋ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጉድጓዱ አልቆ፣ ስምንት ሰው አስፋልቱ ማለቂያ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ምንም ሳይናገር የኋላውን በር ከፈተ።

እንደ ድሮው ነበር ብዬ አልዋሽም። ትከሻ መቀያየር አያውቁም፣ ሣጥኑ ሦስት ጊዜ ወደ ጎን አዘመመ፣ አሮጊቶቹ ጮኹ። ካልቨርት ከዓሣው ተመልሶ በኋላ በኩል ገባና ቀና አደረገው። የዱሮ ሰዎች መዝሙር ያወጡ ነበር፤ እዚህ ሁለት የተሰነጠቀ የአሮጊት ድምፅ ተሰማና ዳገቱ ሲበረታ ቆመ። ግን ወጡ። ማስ ኢኖስ ወጡ! ሣጥኑ ሚስ አዲና ጎን ሲያርፍ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፣ ተኝቼ ባልነሳም ምንም አልል ነበር።

ሻንዴል ስልኳን ይዛ ለኦርቪል ቀብሩን በቪዲዮ ታሳየው ነበር። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰጠችኝ። ፊቱ ከድሮው አንሷል።

«ቲዮ፣ እነዚህ እነማን ናቸው? ቀጥረሃቸው ነው?»

«አልቀጠርኩም። የፊተኛው የሚስ ኢቫድኒ ልጅ ነው። ያኛው የኩትበርት የልጅ ልጅ። ያ ደግሞ ዓሣ ነጋዴ ነው።»

ከኋላዬ ልጆቹ ጭቃቸውን እያራገፉ ስልካቸውን ያያሉ፤ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ደግፈው ወደ ታክሲው ያወርዷቸዋል።

«እኔም እዚያው አምጡኝ ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ» አለ ኦርቪል። «ማን ያወጣኛል፣ ቲዮ?»

ቁልቁል ታክሲውን አየሁ። ሚስ ኢቫድኒ ፊት ወንበር ላይ መኪናው ገና ሳይነሳ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«መሞትህ ካልቀረ ቶሎ በል» አልኩት፣ «እነዚህ ሳያልቁብህ።»

ሳቀ፤ በጣም ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።