በውሃው በኩል

በቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ ፏፏቴ መጣ። መስቱራ እንደቆጠረችው ሰባተኛው ነው።

የባሏ እህት ፈትሂያ ከኖርዌይ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው። ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ ስልኳን ከእነመስቱራ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ ትጠራለች። መስቱራ የምታየው ግን ውሃና ቋጥኝ ብቻ ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ኦቨርታይም ሠርቶ ዝናብ ሊመታው ይሄዳል? ፈትሂያ በየፎቶው ላይ ያንኑ ቀይ ጃኬት ለብሳ፣ እጇን ዘርግታ፣ ተራራውን እሷ የወለደችው ይመስል ትስቃለች።

የመስቱራ ልጅ ዛህራ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ክንዷን ትነካካታለች። ነገሩን የጠነሰሱት እሷና ፈትሂያ ናቸው፤ በነሐሴ መስቱራንም ይዘው እዚያው ኖርዌይ ሊሄዱ። ቲኬቱ ዛሬ መቆረጥ አለበት፤ የቀረው የመስቱራ እሺታ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሦስት ጊዜ እምቢ ብላለች። ብርድ ካማራችሁ ጥርን ጠብቁ፣ ውሃ ካማራችሁ ሌክ ኦንታሪዮ አለላችሁ ብላቸዋለች። ፈትሂያም ስቃ፣ መስቱራ ከሥራና ከቤት ሌላ ዓለም ያለ አይመስላትም አለች።

ቀጥሎ ከውሃ ዳር የቆመ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ሆቴል መጣ። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ በየመስኮቱ አበባ የተንጠለጠለበት። ፈትሂያ እዚያ ሁለት ሌሊት አድራለች፤ ቁርሱን አደነቀች፣ ጸጥታውን አደነቀች።

ያኔ አበባ አልነበረም። መስቱራን በሃያ ዓመቷ፣ ጥገኝነት ጠይቃ፣ ከሌሎች ስደተኞች ጋር አሥራ አራት ወር ያስቀመጧት እዚያ ሆቴል ውስጥ ነው። አንድ ማለዳ ፖሊሶች መጥተው ወደ አዲስ አበባ መለሷት። ከዓመታት በኋላ ተማም አግብቷት ቶሮንቶ ሲያመጣት፣ ዐረብ አገር ሠርቼ ተመለስኩ ብላው ነበር። ዲፖርት የተደረገች መባልን ጠልታ። ለማንም ሳትናገር እዚህ ደረሰች።

አሁን ይህች ሴት እዚያ ተኝታ ጸጥታውን ታመሰግናለች።

«ሦስተኛ ፎቅ ነበርሽ?» አለቻት።

«አዎ። ምነው?»

«የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት አሁንም አልጋውን ይመታል?»

ፈትሂያ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ወላሂ ይመታል» አለች ቀስ ብላ። የዛህራ እጅ እናቷ ክንድ ላይ እንደቆመ ቀረ። «ማሚ?»

መስቱራ ተነሥታ በሩ ጋ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ፈረቃዋ ደርሷል፤ አውቶቡሱ አይጠብቃትም።

«ቁረጡት» አለች ቀና ሳትል። «እዚያው ሆቴል ነው የማድረው። ክፍሉ ግን በመንገዱ በኩል ይሁን።»

«በመንገዱ በኩል እኮ የሚታይ ነገር የለም» አለች ፈትሂያ፣ ድምጿ አንሶ።

መስቱራ ክሩን አጠበቀች።

«ያኔ የሰጡኝ በውሃው በኩል ነበር» አለች። «ፖሊሶቹ ሲመጡ አላየኋቸውም።»