ነጩ ነጭ እንዲመስል

“አሁንስ?” አለ፣ ላፕቶፑን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አመቻችቶ፣ ነጯን የካቢኔት እንጨት ናሙና በአገጩ ልክ ከፍ አድርጎ።

“ቢጫ ነው” አለችው ሚስቱ ከስክሪኑ። ነርስ ናት፤ ከሥራዋ ሾልካ ወጥታ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። “ደግሞ ከኋላህ የጥርስ ብሩሾቻችን ይታያሉ። መታጠቢያ ቤት ገብተህ ነው?”

“የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።”

እውነቱን ነው። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ አዳርሶታል። በረንዳው ላይ የመኪና ጩኸት አላናግር ብሎታል። ሰሞኑን ገዝቶ ያመጣው ክብ መብራትም፣ ሻጩ ያን ያህል ያሞገሰው፣ የሚያብረቀርቀው ናሙና ላይ የራሱን ክብ ነጸብራቅ ጣለበት።

ሰውየው የወጥ ቤት ካቢኔት ንድፍ ይሠራል። ኩባንያው ቢሮውን ካጠበበ ወዲህ ከቤት ሆኖ ደንበኞቹን በቪዲዮ ያነጋግራል፤ የእንጨቱን ቀለም በናሙና ያሳያል፣ እነሱም ይመርጣሉ። ችግሩ የሳሎኑ መስኮት ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ መሆኑ ነው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል፤ አምፖሉ ሥር ደግሞ ነጩ ክሬም፣ ግራጫው ቡናማ ይመስላል። አንዲት ደንበኛ ክሬሙን ወድዳ አዝዛ፣ ወረቀት የመሰለ ነጭ ካቢኔት በሯ ላይ ሲደርስ መለሰችው። ሌላም ደንበኛ እንደዚያው አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቹ “ቢጫው” ይሉታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል፣ አንጀቱ ግን አይስቅም።

አለቃው ግን አልሳቀም። የዛሬዋም ደንበኛ ቅር ካላት ወደ ሌላው ከተማ መጋዘን እንደሚያዛውረው በግልጽ ነግሮታል። መጋዘኑ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሚስቱ ሥራዋን ጥላ አትከተለውም፤ ልጃቸውም ትምህርት ቤት የገባችው ገና ዘንድሮ ነው። ከሄደ ብቻውን ነው የሚሄደው።

“እማዬን ጠይቃት አልኩህ እኮ” አለች ሚስቱ። “የሷ መስኮት ብርሃን ብቻ ነው።”

“አማቴን ከክፍላቸው ላስወጣ? ዝም አይነቅዝም ብለሽ ተይኝ።”

“ዝምታው ባይነቅዝም አንተ ልትነቅዝ ነው” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ለመጠየቅ የከበደው በአክብሮት ብቻ አልነበረም። አማቱ ጉልበታቸውን ታክመው እዚህ ቤት ካረፉ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ታዲያ እሱ ጥሪ በጀመረ ቁጥር የሳቸው በር ቀስ ብሎ ይዘጋል፤ ጨርሶ እስኪነሳ አይከፈትም። አልወደዱኝም ብሎ ከደመደመ ቆይቷል። የማይወድህን ሰው ደግሞ ክፍልዎን ይልቀቁልኝ አይሉትም።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተንኳኳ።

“ልጄ፣ አለህ እዚያ?”

“አለሁ እማማ፣ አንድ ጊዜ…”

“ብትፈጥን ጥሩ ነበር።”

ላፕቶፑን አቅፎ፣ ናሙናዎቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ወጣ። አማቱ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከዚያ ጉልበት በማይጠበቅ ፍጥነት በአጠገቡ አልፈው ገቡ። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ አገኙት።

“ይቅርታ እማማ፣ የሚሆን ብርሃን ስፈልግ ነው።”

“ምን ያለ ይቅርታ ነው። ዛሬ ሳሎን አለመሆንህን ሰምቼ ተመስገን ብዬ ነው የወጣሁት። ሳሎን ስትሆን መች ይታለፋል?”

“ለምን አይታለፍም?”

“ከኋላህ ነዋ የመታጠቢያ ቤቱ መንገድ። በቤት ቀሚስ፣ እያነከስኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ? የሥራ ሰው ላዋርድ? ጠዋት ጠዋት ሻይም ውሃም አልቀምስም። በሬን ዘግቼ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።”

ለራሱ ሲያዝን የከረመበት ሦስት ወር፣ እሳቸው ተጠምተው የከረሙበት ነበር። አፈረ፤ ግን ከእፍረቱ ሥር ደስ የሚል ነገር ነካው።

“እኔ እኮ ስላልወደዱኝ መስሎኝ ነው በሩን የሚዘጉት።”

አማቱ ትክ ብለው አዩት። “እኔ ደግሞ ቤቱ ስለጠበበህ፣ መቼ በሄደችልኝ የምትል መስሎኝ። እንደው ሁለት አዋቂ ሰው!” አሉና ሳቁ። “ለመሆኑ ከዚህ ከመታጠቢያ ቤት የተሻለ ቦታ የለህም?”

“አለ” አለ። “የእርስዎ ክፍል ነው።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሳሎን ቴሌቪዥኑ አለልኝ፣ መታጠቢያ ቤቱም ደጄ ነው። ሦስት ወር የታሰርኩት በከንቱ ነዋ።”

ለቀጠሮው የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር። የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ከፍቶ መስኮቱ ሥር አቆመው፤ ከፍ ዝቅ ስለሚል ካሜራውን ከዓይኑ ጋር አስተካከለለት። ፊቱን ወደ ብርሃኑ አደረገ። የአልጋው ቀይ ብርድ ልብስ ናሙናው ላይ ቅላት ሲጥልበት፣ አማቱ ነጭ አንሶላ አለበሱትና ወጡ። ናሙናዋን ከአንድ ነጭ ወረቀት ጎን ያዛት። ነጭ ነበረች።

ደንበኛዋ ጡረታ የወጣች መምህር ናት፤ የተማሪን ኩረጃ ለብዙ ዓመት የያዘ ዓይን አላት። “የሆነ ነገር ተቀይሯል” አለችው። “ባለፈው ከጭስ ውስጥ የምታናግረኝ ነበር የምትመስለው። እስቲ ሁለቱን ነጮች ጎን ለጎን ያዝልኝ።”

ያዘላት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

“የግራው ትንሽ ሞቅ ይላል፣ አይደል?”

“ይላል” አለ። ያን ልዩነት እስከ ዛሬ በዚህ ስክሪን ያየለት ሰው አልነበረም።

“እኔ ጋ ዘመዴ ቤት ከተሠራው የተረፈ ቁራጭ አለ፤ የናንተው ፋብሪካ ነው። አልነገርኩህም፣ ልፈትንህ ብዬ ነው። ከግራው ጋር አንድ ነው። እሱን እዘዝልኝ።”

ከሳሎን በኩል ቴሌቪዥኑ ሲያወራ፣ አማቱም መልስ ሲሰጡት ይሰማል።

አለቃው ደውሎ ደንበኛዋ እንዳመሰገነችና የመዛወሩ ነገር እንደቀረ ሲነግረው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ለሚስቱ ደወለላት። “በል ዝጋው፣ በሽተኛ ፊት ልታስለቅሰኝ ነው” አለችው።

ወዲያው ከአለቃው መልእክት ገባ። “ሌላ ደንበኛ መጥታለች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ያዝልኝ፤ ትችላለህ አይደል?”

ለአለቃው አልችልም ብሎ አያውቅም። በተለይ ዛሬ ደግሞ እንዲያ የሚባልበት ቀን አልነበረም። “እሺ” ብሎ ጻፈ። ስምንት ሰዓት አማቱ ጉልበታቸውን አሳርፈው የሚተኙበት ሰዓት ነው። ቢጠይቃቸው የሚሉትን አሁን ያውቀዋል፤ ሶፋው ይመቸኛል ይላሉ፣ ከዚያ ማታ እያቃሰቱ ያነጋሉ። “እሺ”ን አጠፋው። “ከሰዓት ኔትወርክ የለም” ብሎ ጻፈ፤ እሱንም አጠፋው።

ከዚያም፣ “ከሰዓት አልችልም። የምሠራበት ክፍል የአማቴ ነው፤ በዚያ ሰዓት ይተኛሉ። ነገ ጠዋት ይሁንልኝ” ብሎ ጻፈና፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ላከው። የመተኮሻውን ጠረጴዛ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘና ወደ ሳሎን ወጣ።

“እማማ፣ አልጋዎ ዝግጁ ነው።”