ራሴ እሄዳለሁ

አባቷ ሽበሺ በክርኑ ጎሸም ሲያደርጋት ሄራን እጆቿን ከነጠላዋ ስር አወጣች። ፓስተሩ ድንኳኑ መሃል ቆመው ስለ ትንሣኤ ተስፋ ይናገራሉ፤ እሷ ቃላቸውን እየተከተለች በምልክት ታስረዳዋለች። ሽበሺ ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም። ሚስቱ፣ የሄራን እናት መዓዛም እንደሱው መስማት አትችልም ነበር። ከቀበሯት ሦስተኛ ቀን ሆነ።

ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ተነስቶ በእጆቹ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ በድምፅ የምትናገርለት ሄራን ናት።

«ልጄ ሐኪም ቤት አብራት ነበረች በያቸው። ብቻዋን አልነበረችም።»

ሄራን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትናገረዋለች። ውሸት ነው። ውሸቱን ለአባቷ የነገረችው ግን እናቷ ናት።

ሄራን ሀዋሳ ፒያሳ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ትመድባለች፦ ለፍርድ ቤት፣ ለወሊድ፣ ለፈተና፣ አንዳንዴም ለሽምግልና። ሐሙስ ዕለት እናቷ ደረቷን እንዳመማት ስትሰማ ባልደረባዋ ኤልናታን «ነገ ሐኪም ቤት እኔ ልሂድላት» ብሏት ነበር። ለእናቴማ ሰው አልመድብም ብላ የቢሮው የምደባ ሰሌዳ ላይ ጻፈች፦ «ሦስት ሰዓት፣ መዓዛ፣ ራሴ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ኤልናታንን ፍርድ ቤት ከላከችው በኋላ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ፣ አስተርጓሚዋ ታሞ ቀረባት። ሄራን ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ልታስተረጉምላት ሄደች። ሐኪም ቤት ስትደርስ አምስት ተኩል ሆኗል፤ የእናቷ አልጋ ባዶ ነው።

«ሐኪሙ ተሻለሽ ወይ ሲላት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች» አለች ነርሷ። «የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተን ሸኘናት።»

ሄራን ያንን ንቅናቄ ታውቀዋለች። ገበያም ይሁን ቀበሌ፣ ባጃጅም ውስጥ፣ እናቷ ያልገባትን ነገር ሁሉ የምታሳልፈው በሱ ነበር፤ ሰው እንዳይሰለቻት።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታቸው ስትደርስ እናቷ ጋደም ብላ አገኘቻት። ተነሽ እንመለስ ብትላት እምቢ አለች፤ ነገ ይደርሳል። «ለአባትሽ አብረሽኝ እንደነበርሽ ነግሬዋለሁ» አለቻት በደከሙ ጣቶች። «እንዳታሳፍሪኝ።» ሲነጋ አልተነሳችም።

ይህችው እናት ናት ሄራን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤትን ስድብ ወደ ሰላምታ ለውጣ ስትነግራት አገጯን ይዛ የተቆጣቻት። «ቃሌን አትስረቂኝ። የተባለውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ፓስተሩ ጸልየው ሲቀመጡ ሻይ ዞረ። የእናቷ እህት አለምነሽ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። በቀብሩ ዕለት ሄራን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ እውነቱን የነገረቻት ለእሷ ነበር። አሁን አጠገቧ ላለችው ሴት ስትናገር ድምጿን አልቀነሰችም፤ መስማት የሌለበት ሰው እንደሆነ አይሰማም።

«ሀዋሳ ላለ ደንቆሮ ሁሉ ሰው ትልካለች። እህቴ ግን ብቻዋን ራሷን ስትነቀንቅ ሞተች።»

ሰው ወደ ሄራን አየ፤ ከዚያ ወደየብርጭቆው። ሽበሺ ፊቶቹን አንድ በአንድ ቃኝቶ ጎሸም አደረጋት።

«ምን አለች?»

ሻዩ ስኳር በዝቶበታል አለች ብትለው ያምናታል። ከድንኳኑ በር ኤልናታን ግማሽ ተነስቶ «እኔ ልተካሽ» በሚል እጁን አሳያት።

«ራሴ» አለችው።

የአክስቷን ቃል አንድም ሳታጎድል፣ ደንቆሮ የምትለዋንም ሳታለዝብ ነገረችው። የራሷንም ጨመረችበት። «እውነት ነው አባዬ። ፈተና ላይ ነበርኩ። እናቴ ብቻዋን ነበረች።»

አባቷ አያት። ዓይኑን ከፊቷ ወደ እጆቿ አወረደ፤ እዚያው ቆየ።

ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ገቡ። ሽበሺ እንደ ልማዱ ተነሳ። ሄራንም አብራው ተነሳች። ሽማግሌዎቹ ጨብጠውት ቆሙ፤ ከቀብሩ ጀምሮ ድንኳኑ ሁሉ የለመደውን ቃል ይጠብቃሉ። እጆቹ ደረቱ ድረስ ተነሱ። ሄራን ልትናገርለት ትንፋሿን ሳበች።

እጆቹ እዚያው አየር ላይ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱና ኮቱ ኪስ ውስጥ ገቡ።