የጥምቀት ዕለት ሊታይ የነበረው ልቅሶ

ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ላስታ ውስጥ ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማዶ ካለው ቀይ ገደል ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከአዲስ አበባ የመጡት የድራማ ሠሪዎች ከዳይሬክተራቸው ከኢያቄም ጋር፤ አልቃሽዋ ባንቺዓለም፤ የእድራችን ዳኛ አያ ገብረ ዮሐንስ፤ ጎረቤታችን ከፋለ፤ ሌላም ብዙ የሰፈራችን ሰው፤ እኔ ምስጋኑ። እናቴ አመተ ጊዮርጊስ ቤት ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ደግሰው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ በጅቡቲ በኩል በጀልባ እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም ነበር።

ድራማው «የዘመን ጓዳ» ይባላል። አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ፣ አባትና እናት፣ አንዲት ኮረዳና አንድ ቀልደኛ ትንሽ ልጅ፣ የጓዳቸውን በር ከፍተው ሲገቡ ራሳቸውን በድሮ ዘመን ያገኙታል። በመጀመሪያው ክፍል አክሱም ሄዱ፤ በሁለተኛው ጎንደር። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የለም። እናቴ እሑድ ማታ ከፋለ ቤት ሄዳ ታየዋለች። ትንሹ ልጅ የቤተ መንግሥቱን ዘበኛ «ዋይፋይ አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀው እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ደግሰው ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእኛ አገር ተራ ደርሶ ቤተ ክርስቲያን ከዐለት ሲፈለፈል ሊያሳዩ መምጣታቸውን ስትሰማ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚታይበትን ቀን ትጠብቅ ጀመር።

እኔ ሰው ፊት መቆም ስለማልወድ አልተመዘገብኩም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ድንጋይ ጠራቢ ሆነው ከሚተውኑት የሰፈራችን ሰዎች አንዱን ሆዱን አመመውና ከፋለ እየጎተተ ወሰደኝ። ፊቴ ላይ ረጅም ጢም በማጣበቂያ ለጠፉብኝ፤ ራሴንም በሻሽ ጠቀለሉልኝ።

ከገደሉ ሥር ሣሩ ላይ የጓዳውን በር አቁመውታል። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ በር ብቻ ነው።

«በዚህ በኩል ሙጃ ከተማ ይደረሳል?» አለ ከፋለ።

«ሙጃ አይደለም፣ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው» አለው አንዱ ሠራተኛ።

«እንግዲያው ከማግባቴ በፊት ወደነበርኩበት ዘመን አድርሱኝና በሩን ከኋላዬ ዝጉት» አለ ከፋለ።

ሚስቱ ከሴቶቹ መሐል ሆና «ሂድ! እኔም ቀድሜህ እገባለሁ!» አለችው። ተሳሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

እንድንሸከም የተሰጠን ድንጋይ ስፖንጅ ነበር። ላዩን ቀይ ቀለም ቀብተውታል። እግራችን ሥር፣ ከጀርባችን፣ ከራሳችን በላይ ያለው ሁሉ ድንጋይ በሆነበት አገር ድንጋይ በመኪና ጭነው መጡ። ኢያቄም «ከባድ እንደሆነ ሁኑ! ወገባችሁ ይጉበጥ!» እያለ ይጮህብናል። ከእኛ መሐል እውነተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ወገቡ ያልጎበጠ ማን አለ?

ከዚያ የልቅሶው ተራ መጣ። በድርሰቱ መሠረት አንድ ጠራቢ ከገደል ወድቆ ይሞታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ቤተሰብ ልቅሶውን ቆሞ ያያል።

«እማማ፣ የሟቹ ስም ገብረ ዮሐንስ ነው» አላት ኢያቄም ባንቺዓለምን።

«እኔ አለሁ!» አሉ አያ ገብረ ዮሐንስ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ባንቺዓለም አልሳቀችም። «የቆመ ሰው ስም ጠርቼ ሙሾ አላወርድም። በቁሙ መግደል ነው።»

«እሺ፣ ሌላ ስም እንሰጠዋለን።»

«ስሙ አይደለም፣ ልጄ። በልቤ የያዝኩት ሟች ከሌለ ቃሉ አይመጣልኝም። ለማንም ሳይሆን አልቅሼ አላውቅም።»

«እንግዲያው የሚያውቁትን ሟች ያስቡ፤ ማንም ይሁን። ስሙን ብቻ አይጥሩ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ከእሷ ፊት ለፊት የቆምነውን ጢማም ጠራቢዎች አንዱን ከአንዱ አትለይም። «ይሁን» አለች። ካሜራው ተነሣ። ባንቺዓለም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጀመረች፦

ግራ እጁ ጠራቢ፣ ፍንጭቱ ሎጋ፣
እናትህ ደጅ ናት፣ በሯን ሳትዘጋ።

ሴቶቹ «ወየው! ወየው!» ብለው ተቀበሉ። እኔ ግራኝ ጠራቢ ብዙ አለ ብዬ አሰብኩ። ደግሰው ለቱሪስት የሚሸጥ ትናንሽ የድንጋይ መስቀል ይጠርብ ነበር፤ በግራ እጁ ነው። ፍንጭት ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው ይሆናል አልኩ። ባንቺዓለም ቀጠለች፦

ያገሩን ድንጋይ፣ ሲጠርብ አድሮ፣
ጨው ውሃ ዋጠው፣ መልኩን ሰውሮ።

ላስታ ላይ ምን ባሕር አለ? ከገደል የወደቀን ሰው ጨው ውሃ እንዴት ይውጠዋል? ቀና ስል የሰፈራችን ሰው ሁሉ ወደ እኔ እያየ ነው። ከፋለ ክንዴን ያዘኝ። «ና፣ ምስጋኑ፣ እንውጣ» አለኝ በሹክሹክታ። «ለምንድን ነው የምንወጣው?» አልኩት። ዓይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ጢሙን ከፊቴ ገነጠልኩት። ባንቺዓለም ቀርባ አየችኝ፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሴቶቹ አሁን የእውነት አለቀሱ።

ኢያቄም እጁን አጨበጨበ። «በጣም አሪፍ! እንዲህ ነው! አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው፤ አንተ ጢምህን ለምን አወለቅከው?»

የተሸከምኩትን ድንጋይ አንሥቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩበት። ደረቱን መታውና እንደ ትራስ ነጥሮ ሣሩ ላይ ወደቀ። ትንሹ ተዋናይ ልጅ ሳቀ። ስፖንጅ መሆኑን ረስቼ ነበር። እውነተኛ ድንጋይ ከማንሣቴ በፊት ከፋለና ሌሎቹ ያዙኝ።

አያ ገብረ ዮሐንስ ወደ ዛፍ ጥላ ወሰዱኝ።

«መቼ ሰማችሁ?» አልኳቸው።

«ሐምሌ ላይ ነው። አብሮት የነበረ የሙጃ ልጅ ተርፎ ደወለልን። ጀልባዋ ሰጠመች። እናትህ ታማ ነበር፤ ቆይ ትዳን አልን። ስትድን ፍልሰታ ገባ።»

«ፍልሰታ ከወጣ ቆየ እኮ።»

«ከዚያ ዘመን መለወጫ ሆነ። መስቀል መጣ። አጨዳ ደረሰ፤ በአጨዳ መርዶ ይነገራል? ጾመ ነቢያት ገባ፣ ገና ሆነ። ጥምቀት ይለፍና በማግሥቱ ገና ሳይነጋ እኛው ሽማግሎች መጥተን እንነግራታለን ብለን ቆርጠን ነበር። ወጉ ነው፣ ልጄ።»

«ወጉ ነው» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ይህ አገር መቼ በዓል አጥቶ ያውቃል? እናቴ በየማታው ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ እሳቸው ቤት ትሄዳለች። ደግሰው በደወለ ጊዜ እንዳይጠፋባት ነው። እሳቸው ተቀብለዋት ይሰኩላታል። ጠዋት ሲመልሱላት «ደወለ እንዴ?» ትላቸዋለች፤ «አልደወለም» ይሏታል። ስድስት ወር ሙሉ!

«አልደወለም ሲሏት አያፍሩም?» አልኳቸው። ትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ኢያቄም ሄድኩ። ድንጋዩ ስላልጎዳው አልተቀየመኝም፤ ይልቁንም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ፤ እኛ አላወቅንም» አለኝ።

«ያንን ልቅሶ አጥፉት።»

«እንዴት ይጠፋል? ተዋናይ እንዲህ አይሠራውም። ስሙ እንኳ አልተጠራም እኮ።»

«እናቴ ታየዋለች። ግራኝ ነው ተብሏል፣ ፍንጭት ነው ተብሏል። ወዲያው ታውቀዋለች።»

«ቢሮ ሄጄ አለቆቼን አነጋግራለሁ። ግን ቃል አልገባልህም፤ የበዓል ዝግጅት ነው፣ የጥምቀት ዕለት እሑድ ማታ ነው የሚተላለፈው።» ከዚያ ፊቱን አዙሮ «ጢሙን ሰብስቡት፣ እንዳይጠፋ!» አለ።

አያ ገብረ ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ መላ አመጡ። «ከፋለ ቴሌቪዥኑን ተበላሽቷል ይበላት። አንድ ማታ ብቻ ነው።»

«እላታለሁ» አለ ከፋለ። «ገመዱን እበጥሰዋለሁ።»

«እሺ የሌላ ቤት ቴሌቪዥን ማን ይበጥሳል? በማግሥቱ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ የሴቶቹን አፍ ማን ይዘጋል?» አልኳቸው።

«በል አትጩህ» አሉኝ አያ ገብረ ዮሐንስ። «ቀትር ላይ መርዶ አይነገርም። አንተም የሟች ወንድም ነህ፤ ነጋሪ አትሆንም። እኛ ስንመጣ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለህ ነው የምትሰማው።»

«እኔማ ሰማሁ እኮ! በቀጥታ ሥርጭት አሰማችሁኝ!» ብያቸው ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች። በሩ ከኋላዋ ወለል ብሏል። አገጬ ላይ የቀረውን ጢም አይታ ሳቀች።

«ይኸ ምንድን ነው? ጠዋት ሕፃን ሆነህ ወጥተህ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ? አንተንም በበሩ አስገቡህ?»

በመንገድ ላይ ያሰብኩት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። «እማ፣ ስልኩን ዛሬ አትውሰጂው» አልኳት።

«ምነው? መብራት የለም?»

«አለ። ደግሰው አይደውልም።»

ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አኖረችው። «ማን ነገረህ?»

«ባንቺዓለም። ለእኔ ብላ አይደለም፤ ለድራማው ስታለቅስ የእሱን አለቀሰችው። ባሕር ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ተሰምቷል።»

«ማን ማን ሰማ?»

«ሁሉም።»

«ገብረ ዮሐንስም?»

«እሳቸውም።»

«ትናንት ማታ ስልኬን ሲሰካልኝ ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ ደግሰው ትቶት የሄደውን ጃኬትና የሚጠርብበትን መሮ ይዛ ወጣች። ሁለቱን ግቢው መሐል መሬት ላይ አኖረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ስሙን ጠራች። «ደግሰው! ደግሰው!» ስትል ከገደሉ ሥር የነበሩት ሁሉ ሰሙ፤ ከኋላዬ እየመጡም ነበር።

አያ ገብረ ዮሐንስ በፊት፣ ባንቺዓለም በኋላ፣ ሌላው ሰው ተከትሎ ደጃችን ደረሰ። ጠራቢ የሆኑት ግማሾቹ ጢማቸውን አላወለቁም። ባንቺዓለም ደረቷን እየመታች ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል እናቴ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አንቺ ጨርሰሻል» አለቻት። «ልጄን ለካሜራ አልቅሰሽዋል። እኔ በር ከፍቼ ስጠብቅ፣ አንቺ እዚሁ እሳት ልትጭሪ ትመጪ ነበር። ዛሬ በቤቴ ሙሾ አታወርጂም።»

«አመተ ጊዮርጊስ፣ እግዜር ያውቃል፣ ሐዘኑ አንቆ ይዞኝ ነው የወጣው።»

«እኔን ሳያንቀኝ የቀረ መስሎሽ ነው? ተቀመጪ፣ ከፈለግሽ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ቀጥላ ወደ አያ ገብረ ዮሐንስ ዞረች። «ገብሬ፣ ስድስት ወር ልጄን በሕይወት አቆይተህልኛል። ላመስግንህ ወይስ ልርገምህ አላውቅም። ድንኳኑን አስመጣ።»

እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ድንኳኑ መጣ። እናቴ ብቻዋን አለቀሰች፤ ባንቺዓለም ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነበር። ኢያቄምም ከመኪናው ወርዶ ከበሩ ውጭ ቆመ። ከፋለ ካሜራ መያዝ አለመያዙን እጁን አይቶ ነው ያስገባው።

ልቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። የጥምቀት ዕለት ማታ «የዘመን ጓዳ» አልተላለፈም። ድራማው ስፖንሰር አጥቶ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ቆሟል፤ ሦስተኛው፣ የገነተ ማርያሙ ክፍል፣ ሳይታይ ቀርቷል።